የኡሙሰልማ ሰባት ከለሮች

ኡሙሰልማ ፊደል የምታስተምረው በከለር ነው። ይህን የማያውቅ የቆቦ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ልጅ አልወለደም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዱሮ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ዛሬ ዜሮ ክፍል እስከተባለበት ድረስ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በዚሁ በአንድ መላ አሳልፋዋለች። ወረቀት ላይ ፊደሉን ወፈር አድርጋ፣ ውስጡን ባዶ ትታ ትሥላለች፤ ልጁ ባዶውን ይቀባል። ግዕዙ ቀይ ነው፣ ካዕቡ ቢጫ፣ ሣልሱ ሰማያዊ፣ ራብዑ አረንጓዴ፤ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዕ፣ ሰባት ከለር ለሰባት ቤት። ለ ቀይ ናት፣ ላ አረንጓዴ ናት፣ አለቀ ደቀቀ። ዓመቱ ሳይጋመስ ልጆቹ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ከለር ገበታ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። ወላጅ መጥቶ ይሰማና አፉን ይዞ ይመለሳል።

ከለር በጠፋ ጊዜ እንኳ እጅ አልሰጠችም። ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዴስኩ ማገዶ ሆኖ፣ ቁም ሳጥኑም ባዶውን ነበር የጠበቃት። ታዲያ ቀዩን ከቀይ ሥር፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ አረንጓዴውን ከቅጠል እየጨመቀች አስተማረች። የልጆቹ ልብስ በቀይ ሥር ተነክሮ አልለቅ ሲል እናቶቹ ረገሟት። እሷ እቴ! ይርገሙኝ፣ ልጆቻቸው ያንብቡ እንጂ አለች።

ሰው ግን ስለ ከለሯ እንጂ ስለ ቤቷ አይጠይቃትም። ቤቷ ከመስጂዱ ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት። በአንዱ እሷ ትተኛለች፤ በሌላው ማንም አይተኛም። ባሏ ነጅሙዲን ከዋጃ ማሽላ እያመጣ የሚነግድ ደግ ሰው ነበር፤ ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላው አባትየውን ወባ ወሰደው። አላህ ይማረው። ሌላ አላገባችም። ልጁ ኡበይድ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በአፋር በረሃ አድርጎ ባሕር ተሻገረ፤ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ጂዛን በሚባል የሳዑዲ አገር ፍየል ይጠብቃል። ሲሄድ አልተሰናበታትም። እሷ የሱብሂን ሰላት እየሰገደች ሳለ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ፤ ሰላቷን ጨርሳ ስትነሣ መኝታው ተነጥፎ ነበር።

ሌላውስ ልጅ ባሕር ተሻግሯል፤ ራያ ውስጥ አንድ ልጁ አረብ አገር ያልሄደበት ቤት መፈለግ ልፋት ነው። የሌላ ሰው ልጅ ግን እናቱን ያዋራል። በየሳምንቱ ይደውላል፣ ይቀልዳል፣ ምን በላሽ ብሎ ይጠይቃል። ኡበይድ የሚደውለው በዓመት ሁለቴ ነው፤ በሁለቱ ዒዶች። ደህና ነሽ እማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዱዓ አድርጊልኝ፣ ይልና ይዘጋል። እሷ ገና ሁለተኛ ቃል ሳትጀምር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትቆማለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ እንደ ልጅ አንዴ ሆዱን ከፍቶ እንዲያናግራት፣ ምን እንደበደለችውም እንዲነግራት። እሷ ያጠፋችው ነገር አልታይ ብሏታል። አሳድጋዋለች፣ አብልታዋለች፣ አስተምራዋለች።

ማስተማሩ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ያለው። በከለር መላ ከተማሩት አንዱ ኡበይድ ነው፤ ተማረ ከተባለ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከሌሎቹ ጋር ክፍሏ አስገባችው። ሌሎቹ በወር ውስጥ ግዕዙን በቀይ፣ ራብዑን በአረንጓዴ ሲሞሉ እሱ «ለ»ን አረንጓዴ፣ «ላ»ን ቀይ ያደርገዋል። ታርመዋለች፤ ነገ መልሶ ያንኑ። ልጆቹ ይስቃሉ። እልኸኛ ነው፣ እኔን ለማናደድ ብሎ ነው አለች። የመምህርት ልጅ ሲደነቁር ሰው ምን ይላል? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሊሏት ነው። ስለዚህ በሰው ልጅ ላይ ያላነሣችውን አርጩሜ በሱ ጣት ላይ አነሣች፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዙራ አስቆመችው። ኡበይድ አያለቅስም ነበር። ግድግዳውን ያያል።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ከልቡ ወጣ። አራተኛ ክፍል ላይ ተወው። ቲማቲም ለቀማ ተቀጥሮ መስኖ ላይ ዋለ፤ ጥሬውን ከበሰለው ደባልቆ ሣጥን ሙሉ አበላሸ ብለው በሦስተኛው ቀን አባረሩት። የበሰለ በርበሬ ግዛ ብላ ጎብዬ ገበያ ብትልከው ጥሬውን ይዞላት መጣ፤ ያን ቀንም በጥፊ አለችው። ሰነፍ ነው፣ ልቡ እዚህ የለም አለች። ልቡማ እውነትም እዚያ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉ የቀረላት አንድ ወረቀት ነው። የ«ለ» ዘር የተሣለበት፣ ሰባቱ ፊደላት ያሉበት፣ ኡበይድ ቀብቶት እሷ ላዩ ላይ ትልልቅ ኤክስ ያደረገችበት። ሳጥኗ ውስጥ ከነጅሙዲን ጋቢ ሥር አለ።  የሰው ልጅ ትርፍ ነገር ያስቀምጣል፤ ቁም ነገሩን ይጥላል።

ዘንድሮ ክፍሏ ውስጥ አርባ ሁለት ልጅ አለ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ለአርባ ሁለቱም የነገውን ፊደል በእጇ ትሥላለች። መብራት ሲኖር አንዱን ሥላ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ትችል ነበር፤ ግን በእጅ መሣሉን ወደደችው። አንዱን ወረቀት ስትጨርስ የማንኛው ልጅ እንደሚሆን በልቧ ትመድባለች፤ ይቺ የኢልሀም፣ ይሄ የኑሀ እያለች። አርባ ሁለት ልጅ በየተራ ቤቷ የሚገባ ይመስላታል። ደግሞ ማን ይገባል ሌላ?

ከአርባ ሁለቱ አርባ አንዱ ጎበዝ ነው። አንዱ ዳንኤል ነው። የሐጎስና የለምለም ልጅ፤ ሐጎስ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው፣ ወላጆቹ ከአላማጣ ወዲያ የመጡ። ዳንኤል ዝም ያለ ልጅ ነው፤ ወረቀቱን አንገቱን ደፍቶ በጥንቃቄ ይቀባና ሲያስረክብ ለ አረንጓዴ፣ ላ ቀይ። አልመታችውም፤ መምታት ከቀረ ቆየ፣ እሷም አርጅታለች። እንዲህ ያለ ወንድ ልጅ በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፋም፤ አንዳንድ ልጅ ዘግይቶ ይበስላል ብላ ዜሮ ክፍልን ታስደግመዋለች። ሚያዝያ ላይ ለምለምን አስጠርታ ዳንኤል ለከርሞ እዚሁ ይቀራል አለቻት። ለምለም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቤት እኮ ያነባል እትዬ ኡሙ፣ አባቱ ጋ ጎማ ሊያስነፉ የሚቆሙትን መኪኖች ታፔላ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ወልድያ እያለ ይጠራልናል አለች። ኡሙሰልማ ፈገግ አለች። የእናት ዓይን መቼ ሐቅ አይቶ ያውቃል! መኪናውን ለምዶት ነው አለቻት።

አንደኛ ክፍልን እስከ አምና ያስተምር የነበረው ሽማግሌው ጋሹ ነው። ዘንድሮ ጡረታ ወጥቶ በቦታው ወይንሸት የምትባል ወጣት ተተካች። ይቺ ልጅ ነገር ወዳድ አይደለችም፤ ሥራ ወዳድ ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለከርሞ የምረከባቸውን ልጆች ልያቸው ብላ መጣች። ኡሙሰልማ ደስ አላት። ልጆቿ ሲያነቡ የሚሰማ አዲስ ጆሮ ተገኘ። ነይ ግቢ፣ የፈለግሽውን ጠይቂያቸው ብላ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን እያንጣጣው ነበር።

ወይንሸት ወደ ባለ ከለሩ ገበታ እንኳ አልዞረችም። ነጭ ጠመኔ አወጣችና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ላ ብላ ጻፈች።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ሁልጊዜ እጇን ቀድማ የምታወጣው ኢልሀም እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች። ወይንሸት መ ብላ ጻፈች። ጭጭ። ሱ። ጭጭ። ኡሙሰልማ ልጆቹ አፍረው መሰላት፤ ከኋላ ሆና በሉ እንጂ፣ ምነው የምታውቁትን አለች። ያኔ ኢልሀም ዞር ብላ፣ የተበደለች ያህል፣ «ቲቸር፣ ከለሩ የለም እኮ» አለቻት።

አይ ኡሙ! ክው አለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጆቹ ፊደል ሲያነቡ መስሏት የሰማችው ከለር ሲያነቡ ነው። ቀይ ሲያዩ ግዕዙን ይጠራሉ፣ አረንጓዴ ሲያዩ ራብዑን፤ የፊደሉን እግርና ቅጥያ ማን ልብ ብሎ ያያል? ጋሹ ይህን ያውቅ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሀ ሁ እንደገና እየጀመረ፣ እሷን ላለማሳፈር ትንፍሽ ሳይል ጡረታ ወጣ። የወሎ ሰው ይሉኝታ አንዳንዴ እንዲህ ሰው ይገላል።

ወይንሸት ጠመኔውን ልታስቀምጥ ስትል ከመስኮቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሱ። ዳንኤል ነው። ወይንሸት ዞራ አየችው፤ ከዚያ ቤ ጻፈች፣ ቤ አለ። ሮ፣ ሮ አለ። ቆቦ፣ ወልድያ፣ ለምለም፤ የጻፈችለትን ሁሉ አነበበ። ኡሙሰልማ ከወንበሯ ተነሥታ እንደቆመች አታውቅም።

ፊደሉ ካልጠፋው የጠፋው ከለሩ ነው ብላ፣ ልጆቹ ሲበተኑ ዳንኤልን በእጁ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ወጣች። በሩ ላይ ደመቀች የምትባል ቲማቲም ቸርቻሪ አለች። ከእሷ አንድ የበሰለና አንድ ጥሬ ቲማቲም አንሥታ ሁለቱንም በመዳፏ ዘረጋችለትና የበሰለው የቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ዳንኤል አላያቸውም። እጁን ሰደደና አንዱን ጨመቅ አደረገ፣ ሌላውንም ጨመቅ አደረገ፣ ከዚያ የበሰለውን ሰጣት። ሳትጨምቀው ንገረኝ አለችው። ቲማቲሞቹን አየ፣ እሷን አየ፤ ምን እንዳጠፋ የማያውቅ ልጅ እንደሚያይ።

«ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው ቲቸር» አላት።

ኡሙሰልማ ያን አጨማመቅ ታውቀዋለች። ኡበይድ በርበሬውን እንዲሁ ነበር የሚጨምቀው፣ በለሱንም፣ ቲማቲሙንም። በሰው ፊት እቃ አትጨምቅ ብላ እጁን ስንቴ መታዋለች! ቲማቲሞቹን እንደያዘች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ደመቀች ደንግጣ ውሃ አመጣችላት። ሙቀቱ ነው አለች ኡሙሰልማ። ሙቀቱ አልነበረም።

ወደ ለምለም ቤት ሄዳ ልጅሽ ያልፋል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለቻትና፣ ግቢ እንጂ ብትባል ሳትገባ ተመለሰች። ለሌሎቹ ልጆች ገና ሦስት ሳምንት አላት፤ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም ፊደል በከሰል ብቻ ታስቀባቸዋለች፣ እግሩን በጣታቸው እየተከተሉ ይለዩታል። ይህ ይስተካከላል። የኡበይድ ግን ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሳጥኗን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች፣ ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ ይዛው ወጣች።

አሁን ነው ያየችው። ሃያ አምስት ዓመት አስቀምጣው አላየችውም ነበር። ቀለሙ እዚያም እዚህም ተምታቷል፤ ኤክሱ በላዩ ተጋድሟል። ከኤክሱ ሥር ያሉት ሰባቱ ፊደላት ግን እስከ ጥጋቸው ተሞልተዋል። የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይስታል፤ አርባ ልጅ አስቀብታ አርባውም ከመስመር ይወጣል። ይህ ወረቀት ላይ ከመስመር የወጣ አንድ ጭረት የለም። በቀን ብርሃን፣ ጎረቤት እያያት፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ከኡበይድ ጋር አንድ ያልተነገረ ስምምነት አላቸው፤ እሷ ሚስ ኮል የምታደርግለት የሞተ ወይም የታመመ ካለ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አድርጋ አታውቅም። ዒድ አልነበረም፣ ጁምዓም አልነበረም፤ ማክሰኞ ነው። ቢስሚላህ ብላ ቁጥሩን ነካችው፣ አንዴ ሲጠራ ዘጋችው። ደቂቃ አልሞላም ደወለ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» ትንፋሹ ይቆራረጣል። ከበስተጀርባው ፍየሎች ይጮኻሉ።

ምንም እንዳልሆነች ነገረችው፤ አብሽር፣ አትስጋ አለችው። የሞተ ሰው እንደሌለም ማለችለት። ሊዘጋው ነው ብላ ፈራች፤ ያሰበችው ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ በአንዴ አወጣችው።

«ኡበይድ፣ ቀይና አረንጓዴ ይለይልሃል?»

ፍየሎቹ ብቻ ይሰማሉ። አይለይልኝም አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ከስድስት ዓመት በፊት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ ሲያገኝ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ ነበር። ነጠብጣብ ያለበት መጽሐፍ አሳዩት፤ ሌላው ሰው ቁጥር የሚያይበት ቦታ እሱ ነጠብጣብ ብቻ አየ። ሐኪሙ ከእናት ሆድ ጀምሮ ነው አለው፣ መድኃኒት የለውም፣ ጥፋትም አይደለም። መንጃውን ሳይሰጡት ቀሩ፤ ተመልሶ ፍየሉ ጋ ገባ።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግረኝ?»

«የምታውቂ መስሎኝ ነዋ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖረው በተሻላት። «አስተማሪ ነሽ። ሕፃን ሆኜ አንቺ የማታውቂው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለእኔ እንደማይለይልኝ እያወቅሽ የምትመቺኝ ይመስለኝ ነበር።»

ይኸው፣ ስትለምነው የኖረችው መልስ መጣላት። ወላሂ አላወቅሁም፣ ወላሂ ልጄ አለች፤ አፉ በለኝ አለችው፣ ደጋግማ። አፉ ብያለሁ እማ አላት፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እግዜር ያጥናችሁ እንደሚለው፣ ለወጉ ያህል።  ዱዓ አድርጊልኝ የሚላት ጊዜ ደረሰ፤ ታውቀዋለች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው።

«የለ ፊደል ወረቀትህ እጄ ላይ ነው» አለችው።

«የቱ? ኤክስ ያደረግሽበት?»

«እሱ።»

ፍየሎቹ ራቁ መሰለኝ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ከዚያ የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሰውዬ፣ ባሕር የተሻገረው፣ በረሃ ያቃጠለው፣ በስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ጠየቃት።

«ከለሩን እንደምስት አውቅ ነበር። ስለዚህ መስመር እንኳ ላለማለፍ ብዬ... አላለፍኩም አይደል?»

ኡሙሰልማ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከ«ለ» እስከ «ሎ» አንድ በአንድ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ዳር ዳሩን ተከተለችው።

«አንዱንም» አለችው። «ፈልጌ አጣሁ።»

 ትንፋሹን ትሰማለች። ያን ቀን ስልኩን ቀድሞ የዘጋው ኡበይድ አይደለም፤ ካርዱ አልቆበት ነው የተቋረጠው።